ሌባሻዩ ልጅ ሲነቃ፦ የአማርኛ የስለላ መጻሕፍት ዳሰሳ ከአውቶቡስ ተራ

አውቶቡስ ተራ መጽሐፍ የሚሸጥበት የራሱ ሰዓት ነበረው። ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ሻንጣው ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥቶ፣ ሸራው ተወጥሮ ገመዱ ከታሰረ በኋላ፣ ሹፌሩ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ያለችው ሰዓት ናት። ተሳፋሪው የመንገዱ ርዝመት የሚታወሰው ያኔ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ነቀምት እስኪደርስ ዓይኑን ምን ላይ ያሳርፍ? ቆሎ ሻጯ ስትወርድ ሶፍትና ማስቲካ የያዘው ልጅ ይወጣል፤ ከኋላው መጽሐፍ አዟሪው። መጻሕፍቱን ከመዳፉ እስከ ትከሻው ደርድሮ፣ በአገጩ ደግፎ፣ በወንበሮቹ መሀል በጎኑ እየተሽሎከሎከ ያልፋል። ከላይ የሚያደርገውን ያውቅበታል፦ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ሰውዬ፣ ሽጉጥ፣ ከንፈሯ የቀላ ሴት፣ ከሥሩ በቀይ ቀለም «ልብ አንጠልጣይ»።

እኔና ጓደኞቼ ተሳፋሪዎች አልነበርንም፤ የሰፈሩ ልጆች ነን። እኛ መጽሐፍ የምናገኘው ከኪራይ ነበር። በ13 ዓመቴ በስሙኒ የተከራየሁት አንድ የስለላ መጽሐፍ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ሰላዩ ድንበር ላይ ደርሷል፤ ወታደሩ ፓስፖርቱን ተቀብሎ ፎቶውን ከፊቱ ጋር እያስተያየ ነው፤ ገጹን ገለጥኩ፣ የለም። መጨረሻው ተገንጥሏል። አከራዩ «እኔም የገዛሁት እንዲሁ ነው» ብሎ ስሙኒዬን ሳይመልስ አሰናበተኝ። ማታ ከአውቶቡሶቹ ጀርባ ተቀምጠን መጨረሻውን ራሳችን ጨረስነው። አንዱ ገደለው፤ አንዱ ወታደሩን ዘመዱ አደረገው። ትንሹ ልጅ ግን «ዕፀ መሰውር ይዞ ነበር፤ ተሰወረባቸው» አለ። ማንም አልሳቀበትም። እንዲያውም የተስማማነው በእሱ ነው።

ያን ማታ ሳናውቀው አንድ ያልተጻፈ የአማርኛ መጽሐፍ አውርተናል። በዚህ ዳሰሳ የአማርኛ የስለላ ጽሑፍ ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ የሄደበትን መንገድ ተከትዬ፣ ያ መጽሐፍ ለምን እንዳልተጻፈ ለማየት እሞክራለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ እ.ኤ.አ. ካልተባሉ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሮ ጠቢና የውስጥ አርበኛ

ስለላ መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት በቋንቋችን ሁለት ፊት ነበረው። ለእኛ የሚሰልል ክብር አለው። በአድዋ ዋዜማ ያመነውን የጣሊያን ጦር ወደ ወጥመድ የመራው ባሻይ አውዓሎም ሐረጎት በጀግና ስም ይነሳል። በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኞች መረጃና ስንቅ ያቀብሉ የነበሩት፣ ተይዘው ጣሊያን አገር ድረስ የተጋዙት ሸዋረገድ ገድሌ «የውስጥ አርበኛ» ናቸው እንጂ ሰላይ ሲባሉ አይሰማም። በእኛ ላይ የሚሰልለው ግን «ጆሮ ጠቢ» ነው፤ ሲለብስ «ነጭ ለባሽ»፣ ሲያወራ «አቃጣሪ»። ሥራው አንድ ሆኖ ስሙ የሚለየው ጆሮው ለማን እንደሆነ ታይቶ ነው። በዚህ በሁለቱ ስሞች መሀል ያለው ጠባብ ቦታ ለልብ ወለድ የተመቸ ነው፤ ጸሐፊዎቻችን ግን ወደዚያ የገቡት በጎን በር፣ በባዕድ አገር ታሪክ በኩል ነበር።

የማሞ ውድነህ ዘመን

የጎን በሩን የከፈተው ማሞ ውድነህ ነው። በ1923 ዓ.ም. በዋግ ተወልዶ፣ በልጅነቱ የጣሊያን ወረራ ያገኘው፣ በኋላ በጋዜጠኝነት ያደገው ይህ ሰው እስከ 2004 ዓ.ም. ዕረፍቱ ድረስ ልብ ወለዱን፣ ተውኔቱንና ታሪኩን ሲጽፍ ቆይቷል። የአውቶቡስ ተራ አንባቢ የሚያውቀው ግን በስለላ ትርጉሞቹ ነው። «የኛ ሰው በደማስቆ» በሶርያ ባለሥልጣናት ቤት ገብቶ ሲበላና ሲጠጣ ኖሮ በ1957 ዓ.ም. በደማስቆ አደባባይ የተሰቀለውን እስራኤላዊውን ኤሊ ኮኸንን የሚተርክ ነው። «ሰላዩ ሬሳ» ደግሞ ከእንግሊዞች የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተንኮል የተቀዳ ነው፦ የሞተን ሰው የመኮንን ልብስ አልብሰው፣ የሐሰት ሰነድ በቦርሳ አስይዘው፣ ስፔን ባሕር ዳርቻ ላይ ይለቁታል፤ ጀርመኖችም የሬሳውን ቃል ያምናሉ።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። በ«ሰላዩ ሬሳ» ታሪክ ውስጥ ጀግናው አይናገርም፣ አይሮጥም፣ አይተኩስም። እንግሊዞቹ ሰውዬውን ሰው ለማስመሰል የደከሙት በትንንሽ ነገር ነው፤ በኪሱ የእጮኛ ደብዳቤ፣ የቲያትር ቲኬት ቁራጭ፣ ያልተከፈለ ዕዳ የሚጠይቅ የባንክ ደብዳቤ ይጨምሩለታል። የአማርኛ አንባቢ ከዚህ የተማረው ሽጉጥ አተኳኮስ አልነበረም፤ ሐሰት ዝርዝር ሲበዛላት እንዴት እውነት እንደምትመስል ነው። በየቀበሌው «የት ዋልክ? ከማን ጋር ነበርክ?» ይባል በነበረበት ዘመን ይህ ትምህርት ዋዛ አይደለም። እኔ እንደማነበው እነዚያ ትርጉሞች የተወደዱት ስለ ደማስቆና ስለ ስፔን ስላወሩ ብቻ ሳይሆን፣ ስለራስ አገር ሰላይ ማውራት በሚያስፈራበት ጊዜ የሰው አገር ሰላይ ስላሳዩን ነው። ሰሙ ደማስቆ፣ ወርቁ ቤታችን።

በዚህ ዘመን መጽሐፎች ውስጥ ልጅ የለም። ወታደሩ፣ ዲፕሎማቱ፣ ነጋዴው ሁሉም ጎልማሳ ነው። ልጁ ያለው ከመጽሐፉ ውጭ፣ በሻማ ወይም በመንገድ መብራት ሥር ቁጭ ብሎ እያነበበ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው በ1969 እና 1970 ዓ.ም. እውነተኛው የከተማ ምስጢራዊ ሥራ በልጆች እጅ መሆኑ ነው። ወረቀት የሚበትነው፣ መልእክት በጫማው ሥር የሚያደርሰው፣ ዘብ የሚቆመው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ በቀይ ሽብር ዋጋ የከፈለውም እሱ ነው። የዚያን ትውልድ ታሪክ ያገኘነው ዘግይቶ፣ እንደ ሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» ባሉ ትዝታዎች ነው። ልብ ወለዱ ግን የ15 ዓመቱን መልእክተኛ ጀግና ለማድረግ አልደፈረም።

ኦሮማይ

በጎን በር መግባት ያበቃው በ1975 ዓ.ም. ነው። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ሲያወጣ ደማስቆን ትቶ አስመራ ገባ፤ መቼቱ በ1974 የተጀመረው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው፤ ጦርነቱም ገና እየነደደ ነበር። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ለፕሮፓጋንዳ ሥራ አስመራ ይወርዳል፤ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር በፍቅር ይወድቃል፤ ዙሪያው ሁሉ በሁለቱም ወገን ሰላዮች የተሞላ ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ በዓሉ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ከዚያ በኋላ «ኦሮማይ» በእጅ ተገለበጠ፣ በታይፕ ተመታ፣ በጋዜጣ ተለብዶ ዞረ። የስለላ መጽሐፍ ራሱ እንደ ስለላ ሰነድ ተላለፈ። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝኛ ታትሞ ከአማርኛ ውጭ ላለ አንባቢ ደርሷል። እንዲህ በድብቅ የተላለፈው እሱ ብቻ አይደለም፤ ገጣሚው ነቢይ መኰንን ታስሮ ሳለ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመውና ወረቀቱ በየቁራጩ ከእስር ቤት የወጣው በዚያው በደርግ ዘመን ነው። መጽሐፉ የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ዘመን የፍቅር ታሪክ ቢሆንም፣ ወደ አማርኛ የመጣበት መንገድ ከብዙ የስለላ ልብ ወለድ ይበልጣል።

«ኦሮማይ» ለዘርፉ ጣሪያም ሆነ፣ ማስጠንቀቂያም ሆነ። ከእሱ ወዲህ የጻፈ ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው፤ በጦርነት ላይ ሆኖ ስለዚያው ጦርነት ለመጻፍ የሚነሳም የበዓሉን ዕጣ ያስባል።

ከ1983 በኋላ፦ ውርስ ትርጉምና ትዝታ

ደርግ ሲወድቅ የአዟሪው ክንድ ላይ ያለው ክምር ተለወጠ። ሳንሱር ቀረ፤ ጋዜጣና መጽሔት ፈላ፤ ከእንግሊዝኛ ልብ አንጠልጣዮች የተወረሱ ትርጉሞች በርካሽ ወረቀት ጎረፉ። ጥሩ የተተረጎመም ነበረ፤ ብዙው ግን ለሕትመት የቸኮለ ነው፤ የገጸ ባሕሪው ስም በምዕራፍ 3 እና በምዕራፍ 9 የማይገናኝበት፣ ለንደን ውስጥ ያለ ሰው እንጀራ የሚቆርስበት። ውርስ ትርጉም ሲሳካ አገር ያለብሳል፤ ሳይሳካ ሲቀር የሰው ኮት ለብሶ ባዶ እግሩን የሚሄድ ይመስላል።

ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሬዲዮንና ጋዜጣን ሲያጥለቀልቅ በልብ ወለዱ ግን እምብዛም አልታየም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንባቢው እውነተኛውን ሰው መስማት መረጠ። የደርግ ሰዎች ከእስርና ከስደት መጽሐፍ ላኩ፤ የመንግሥቱ ኃይለማርያም «ትግላችን» በ2004፣ የፍቅረሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» በ2006 ዓ.ም.። ልብ አንጠልጣይ የነበረው ምስጢር ባለቤቱ ራሱ በፊርማው የሚሸጠው ሆነ። አንባቢው ትዝታውን ገዝቶ፣ ምን እንደደበቀበት እያሰሰ ያነብበዋል፤ ይህም የስለላ ንባብ ነው።

ዴርቶጋዳና የምስጢር ረሃብ

በመሀሉ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ» መጣ። ወጣቱ ይስማዕከ ወርቁ የጣና ገዳማትን፣ የጠፈር ሳይንስን፣ የባዕድ የስለላ ድርጅቶችንና በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሊቅን በአንድ ድስት ጨመራቸው። አንባቢው እንዴት እንደተቀበለው የዚያን ዘመን ተማሪ ሁሉ ይመሰክራል፤ ትምህርት ቤት ዴስክ ሥር እየተነበበ፣ በተራ እየተያዘ፣ ስለ ርዕሱ ፍቺ ሙግት እየተነሣ። «ራማቶሓራ»ና «ዣንቶዣራ» ተከተሉት።

ሐያሲዎች የአጋጣሚውን ብዛትና የትረካውን መንዛዛት ነቅፈዋል፤ ነቀፌታው እውነት አለው። ግን «ዴርቶጋዳ» ማንም ያልከፈተውን በር ከፍቷል። ከእሱ በፊት የአማርኛ ሰላይ መሣሪያው ከውጭ የመጣ ነበር። በ«ዴርቶጋዳ» ምስጢሩ ከብራና፣ ከገዳም፣ ከአባቶች ጥበብ ይቀዳል። አንባቢው የተራበው ለዚህ ነበር፤ የእኛ የሆነ ኃይል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ መጽሐፉን ዴስክ ሥር ደብቆ የሚያነበው የ16 ዓመት ልጅ በመጽሐፉ ውስጥ ዋና ሥራ የለውም። ሊቃውንቱና ሰላዮቹ ትልልቆች ናቸው። ከማሞ እስከ ይስማዕከ ልጁ ውጭ ቆሞ ያያል።

ኃይል ያላቸው ልጆች

በሌላው ዓለም በዚሁ ጊዜ ልጁ ገብቷል። አሌክስ ራይደር የተባለው የ14 ዓመት እንግሊዛዊ ሰላይ በ2000 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ከእሱ ቀድሞም፣ ከእሱ በኋላም በአእምሯቸው ኃይል ያላቸው ልጆች ተከታትለዋል። መነሻው ተረት ብቻ አይደለም። አሜሪካ በቀዝቃዛው ጦርነት ሶቪየቶች ቀደሙን በሚል ሥጋት ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምራ በሐሳብ ብቻ የሩቅ ቦታ «የሚያዩ» ሰዎችን በገንዘብ ትደግፍ ነበር። በመጨረሻ «ስታርጌት» የሚል ስም የነበረው ይህ ሥራ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ የገምጋሚዎቹ ቃል አጭር ነበር፤ ለስለላ የረባ ነገር አልተገኘበትም።

ለልብ ወለድ ግን ረብቷል። በስቲቨን ኪንግ «ፋየርስታርተር» (1980 እ.ኤ.አ.) የልጅቷ እሳት የሚመጣው ወላጆቿ ላይ ከተሞከረ መድኃኒት ነው። በ«ስትሬንጀር ቲንግስ» (ከ2016 እ.ኤ.አ.) ኢሌቨን የምትባለው ልጅ በቤተ ሙከራ አድጋ፣ ዓይኗ ተሸፍኖ የሩቅ ሰው እንድታዳምጥ ትደረጋለች። ዛሬ የመርካቶ ልጅ በስልኩ በሚያየው የጃፓን ካርቱን «ስፓይ ፋሚሊ» ውስጥ የሰው ሐሳብ የምትሰማው ትንሿ አኒያ ከቤተ ሙከራ ያመለጠች ናት፤ ያሳደጋት አባት ሰላይ መሆኑን ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ሦስቱም ታሪኮች የሚገናኙበት ነጥብ አለ። ኃይሉን ልጁ አልመረጠውም። ትልቅ ሰው ነው የሰጠው፤ የሚጠቀምበትም ትልቅ ሰው ነው።

በእኛም ዘንድ ጅምር አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. ኢታን ኮሚክስ ያወጣው «ጀምበር» ሥራ ያጣ የአዲስ አበባ ወጣት ያልተለመደ ኃይል የሚያገኝበት የሥዕል መጽሐፍ ነው። «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘው የካርቱን ሥራ ደግሞ ኃይል ያላቸውን ልጃገረዶች በገጠር ጎጂ ልማድ ላይ ያሰማራል። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ሁለቱም ግን ከጦርነትና ከስለላ ይርቃሉ።

ሌባሻይ

አሁን ወደ ትንሹ ጓደኛችን ዕፀ መሰውር ልመለስ። እኛ ኃይል ያለውን ልጅ ከጃፓን መበደር አያስፈልገንም። የቆሎ ተማሪው ትምህርቱ እንዲገባው ይጠጣዋል የሚባለው አብሾ አለ። አስተናግር የሚባል ተክል አለ፤ ስሙ ራሱ የሚያስለፈልፍ ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌባሻይ አለ፤ ሌባ ፈላጊ።

ሌባሻይ ተረት አይደለም፤ የመንግሥት ሥራ ነበር። ዕቃ ሲጠፋ ባለሥራው ይጠራል፤ አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁ የሚያደነዝዝ ነገር ይጠጣል፣ ያጨሳል። ከወገቡ በመቀነት ይታሰርና ጫፉን ጌታው ይይዛል። ልጁ ይነሳል፤ ይወላገዳል፤ ይሮጣል፤ በየደጁ እያሸተተ ይገባል። የሄደበት ቤት፣ የወደቀበት አልጋ የሌባው ነው ይባላል። ባለቤቱ ዕቃውን ያልሰረቀ ቢሆን እንኳ መክፈል ወይም መከራከር የእሱ ዕዳ ነው። በሐሰት የተከሰሰው ሲበዛ ኋላ መንግሥት ራሱ አገደው።

ይህን በኢሌቨንና በአኒያ ጎን አስቀምጡት። ቤተ ሙከራው፣ መድኃኒቱ፣ መቀነቱን የያዘው ጌታ፣ ሁሉም አለ። የ«ስታርጌት» ገምጋሚዎች የደረሱበት እውነትም አለ፤ ልጁ የሚያየው ሌባውን ሳይሆን መቀነቱን የያዘው ሰው የፈለገውን ነው። የአማርኛ የወጣቶች የስለላ ልብ ወለድ ቢጻፍ ከዚህ ይጀምር እላለሁ። በጦርነት ወሬ በተጨነቀች ከተማ ውስጥ፣ ጠላት የቱ ቤት እንዳለ እንዲያሸት የተላከ የ14 ዓመት ልጅ። የሚወድቅበት ደጃፍ የማን ይሆናል? ባለቤቱስ ጆሮ ጠቢ ነው ወይስ የውስጥ አርበኛ?

ዛሬ

አውቶቡስ ተራ ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። መስመሮቹ ወደ ላምበረት፣ ወደ ቃሊቲና ወደ አየር ጤና ተከፋፍለዋል፤ ተሳፋሪውም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ይቀመጣል። የስለላ ታሪክ ግን አልጠፋም፤ ወደ ጆሮ ዞሯል። የእሸቴ አሰፋ «መቆያ» በሸገር ሬዲዮ ስለ ሰላዮችና ስለ ጦርነቶች የሚተርከውን ታክሲው ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ቴሌግራም ላይ የቆዩ የማሞ ትርጉሞች ፎቶ ተነሥተው ይዞራሉ፤ ለደራሲው ቤተሰብ ሳንቲም አይደርስም፤ ለአንባቢው ግን ገጹ ሙሉ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የነደደው ጦርነት ማን ሰላይ፣ ማን አርበኛ የሚለውን ጥያቄ እንደገና በየደጃፉ አመጣው። ጥያቄው ሲበረታ የአማርኛ ልብ ወለድ እንደ ልማዱ ዝም ይላል፤ መልሱ ከ20 ዓመት በኋላ በትዝታ መልክ ይመጣል። ያኔ መቀነቱን የያዙት ይጽፋሉ። የሮጠው ልጅ አይጽፍም።

ስለ ሌባሻይ የተጻፈውን ሳነብ ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ዝግጅቱ ወይም ሩጫው አይደለም፤ ከሩጫው በኋላ ያለው ነው። ልጁ ሰው አልጋ ላይ ወድቆ ይተኛል። ዙሪያውን ትልልቆቹ ስለ ዕቃው፣ ስለ ዕዳው፣ ስለ ዋሱ ይሟገታሉ። ሲነቃ የት እንዳለ አያውቅም፤ ማንን እንዳስያዘ አያስታውስም። ዘጋቢዎቹ ሁሉ እዚያ ሲደርሱ ወደ ሙግቱ ዞረው እሱን ይተዉታል። ዓይኑን ገልጦ ቀና ሲል ከፊቱ የቆመው የቤቱ ባለቤት ምን እንዳለው የሚናገረው ገጽ ተገንጥሏል።

ከአውቶቡሶቹ ጀርባ ተቀምጠን ብንሆን ትንሹ ጓደኛችን እሱንም ይጨርሰው ነበር።